ቀኝ እግሬን አሥራ አንድ ጊዜ ላጠቡልኝ ሰብሳቢ

ለተከበሩ የቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ጉባኤ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ፣ ቤተሰብዎ እንዴት እንዳለ፣ በተለይም ጉልበትዎ እንዴት እንደ ሆነ በትሕትና እጠይቃለሁ። ጉልበትዎን ለይቼ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዓመት አንድ ቀን፣ በኅብረት እሑድ፣ እኔ ፊት የሚንበረከኩበት ስለሆነ እንደ ራሴ ጉልበት ያሳስበኛል። አምና ከወለሉ ሲነሡ የወንበሬን ጠርዝ ይዘው «ኧረ ወገቤን!» ያሉትን ማይክሮፎኑ ለጉባኤው ሁሉ ስላሰማብዎ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ በጸሎቴ ወገብዎንም ጨምሬያለሁ።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ለማያውቁኝ አንባቢዎች ራሴን በአጭሩ ላስተዋውቅ። የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ ሌላው የጻፈውን እያነበብኩ ስሕተቱን በቀይ እስክርቢቶ እየለቀምኩ የምኖር ሰው ነኝ። የቤተ ክርስቲያናችንን ወርኃዊ መጽሔት የማርመውም እኔው ነኝ። ወላጆቼ ከወንዙ ማዶ ስለመጡ፣ የቆዳችንም ቀለም ከእናንተ ስለሚለይ፣ ሰው «የማዶ ሰዎች» ይለናል። እኔ ወንዙን የተሻገርኩት በእናቴ ጀርባ ታዝዬ እንደ ሆነ፣ ይህም ከሆነ አምሳ ሁለት ዓመት እንዳለፈው ስናገር አንዳንድ ምእመናን በታላቅ ርኅራኄ «ታዲያ መቼ ትመለሳለህ?» ይሉኛል። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ፣ ከስድስት መቶ ምእመናን መካከል የማዶ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ከዚህ የተነሣ ትልቅ ሹመት አግኝቻለሁ፦ የዕርቅና የኅብረት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ እና ብቸኛ አባል ነኝ። ስብሰባችን ሁልጊዜ ምልዓተ ጉባኤ ይሞላል።

አሁን፣ ፈቃድዎ ቢሆን፣ ቅሬታዎቼን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ እግሬ። በኅብረት እሑድ ከመድረኩ ሥር ወንበር ይቀመጣል፤ እኔ እቀመጥበታለሁ። ሳፋ ይመጣል፤ ነጭ ፎጣ ይመጣል፤ መዘምራኑ ቀስ ያለውን መዝሙር ይጀምራሉ፤ እርስዎም ይንበረከኩና በጉባኤው ስም ስለ ዘር መለያየት ይቅርታ እየጠየቁ ቀኝ እግሬን ያጥባሉ። ቀኙን ብቻ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ፣ ሰው መሳይ ነገር ልሁን ብዬ የሁለቱንም እግሬን ጥፍር ቆርጬ፣ ሁለቱንም ፈትጌ ነበር የመጣሁት (የሚታጠብ ሰው ታጥቦ እንደሚመጣ ማንም አልነገረኝም፤ በራሴ ነው የደረስኩበት)። የግራውን ካልሲ ላወልቅ ጎንበስ ስል ግን እርስዎ ተነሥተው እጅዎን እያደረቁ ነበር። በኋላ እንደ ተረዳሁት ፎቶ አንሺው የሚቆመው በስተቀኝ ነው። ስለዚህ በእነዚህ አሥራ አንድ ዓመታት ውስጥ ከጉባኤው ጋር የታረቀው ቀኝ እግሬ ብቻ ነው፤ ግራው እስከ ዛሬ ማዶ ነው።

ጌታ ያን ሥራ ሲሠራ የአሥራ ሁለት ሰዎችን እግር እንዳጠበ በልጅነቴ ተምሬያለሁ፤ ሃያ አራት እግር ማለት ነው፤ ከመካከላቸውም በዚያው ምሽት ወጥቶ የሚሸጠው ሰው እግር ነበረበት። እናንተ ያንን ሁሉ ድካም ወደ አንድ እግር ማሳጠራችሁ የሚደነቅ ብልሃት ነው። ደግሞም ያኔ ከመታጠቡ በኋላ ሁሉም አንድ ማዕድ ላይ አብረው እንደ ቆዩ ነው የተማርኩት። በእኛ ዘንድ ከመታጠቡ በኋላ ፎቶ አለ፤ ከፎቶው በኋላ ሁሉም ወደየቤቱ ነው። በዚህች ከተማ ውስጥ እግሬን እንደ እርስዎ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሐኪሜ እንኳ ያን ያህል አያውቀውም። ቤትዎን ግን እኔ የማውቀው በወሬ ነው፤ በሩ አረንጓዴ ነው አሉ።

ሁለተኛ፤ ስለ ጫማዬ። ሥርዓቱ ሲጀመር አስተናጋጁ ሁለቱንም ጫማዬን በታላቅ ክብር ተቀብሎ ከመዝሙር መሣሪያዎቹ ጀርባ ያስቀምጣል። ይህ ለውበት እንደ ሆነ እረዳለሁ፤ አሮጌ ጫማ በፎቶ ላይ አያምርም። ሆኖም በሰባተኛው ዓመት፣ በንግግርዎ መካከል ወደ እኔ በእጅዎ እያመለከቱ «እነዚህ ምስኪኖች» ባሉ ጊዜ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ተነሥቼ መውጣት አምሮኝ ነበር። ወደ ታች ሳይ አንደኛው እግሬ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ሁለተኛው ካልሲ ላይ ነው፤ ካልሲውም በአውራ ጣቱ በኩል ተቀድዷል። አንድ እግሩ እርጥብ፣ አንድ እግሩ ባለ ካልሲ የሆነ ሰው በስድስት መቶ ሰው መካከል በክብር የሚወጣበትን መንገድ ይኸው እስከ ዛሬ እያሰብኩ ነው፤ አላገኘሁም።

በሌላ መንገድ ልውጣ ብዬ ከኮሚቴው ለመልቀቅ ሁለት ጊዜ ማመልከቻ አስገብቼ ነበር። በመጀመሪያው ላይ ከልብ ደንግጠው «እንዴ ወንድሜ! አንተ ከወጣህ እኛ ከማን ጋር ነው የምንታረቀው?» አሉኝ። በሁለተኛው ላይ ትከሻዬን ይዘው፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ «ምሬት ገብቶብሃል፤ እንጸልይልህ» አሉኝ፤ ጸለዩልኝም። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ገብቶኛል፦ ወንበሩ ላይ ከተቀመጥኩ ችግር የለም ማለት ነው፤ ምስክሩ መቀመጤ ነው። ከተነሣሁ ደግሞ ችግሩ እኔ ነኝ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቤት የሠራ አናጢ ሊመሰገን ይገባዋል፤ በር ማስገባቱን ብቻ ነው የረሳው።

ሦስተኛ፤ ስለ ክፍሉ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይኸኛው ነው።

የእህቴ ልጅ ነርስ ናት። ከሦስት ወር በፊት ከማዶ መጥታ በሆስፒታሉ የቀዶ ሕክምና ክፍል ተቀጥራለች። የዚያ ክፍል ነርሶች ሲጠሩ ቶሎ መድረስ ስላለባቸው ከሆስፒታሉ በእግር ከሃያ ደቂቃ በላይ ርቀው መኖር አይፈቀድላቸውም። እርሷ ግን ለጊዜው የምትኖረው ከእኔ ጋር፣ ከተማው ዳር ላይ፣ ሁለት አውቶቡስ በሚያስቀይር ሰፈር፣ በመዝገበ ቃላቶቼ መካከል በተዘረጋ ሶፋ ላይ ነው። ሆስፒታሉ አድራሻ እንድታስመዘግብ የሦስት ወር ጊዜ ሰጥቷታል፤ ጊዜው ነገ ሰኞ ያበቃል። ካላስመዘገበች ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ የመኖሪያ ፈቃዷም በሥራው ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ወደ ማዶ ትመለሳለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻ አሥራ አራት ክፍል አይታለች፤ አሥራ አራቱም እርሷ በደረሰችበት ደቂቃ ተይዘዋል። በዚህች ከተማ ክፍል የሚያዘው የእህቴ ልጅ ደረጃ ስትወጣ ነው።

አሥራ አምስተኛው ክፍል የራሳችን ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት የሚከራይ ሕንጻ እንዳላት አንባቢዎች ያውቃሉ። የእህቴ ልጅ በስልክ ስትደውል ድምፅዋን ብቻ የሰሙት የሕንጻው ኃላፊ «ነይ የኔ እናት! ክፍሉ አንቺን ነው የሚጠብቀው፤ ነርስ ጎረቤት ማግኘት መታደል ነው፤ ደም ግፊቴንም ትለኪልኛለሽ» አሏት። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ከነመለዮዋ ደረሰች። በሩን ከፍተው ፊቷን አዩ፤ ከዚያም ሌላ ሰው ከኋላዋ የሚመጣ ይመስል ደረጃውን አዩ። «ውይ!» አሉ፤ «አሁን፣ አሁን እኮ ነው የተያዘው።»

«ማን ያዘው?» አለቻቸው።

«ሰው» አሏት።

እኚህ ወንድማችን በየዓመቱ በልጆች የልደት ድራማ ላይ፣ ማርያምና ዮሴፍ ደክመው በራፍ ላይ ሲቆሙ «ቦታ የለንም» ብለው በሩን የሚዘጉትን የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ሆነው እንደሚጫወቱ ለማስታወስ እወዳለሁ። ከተጫዋቾቹ ሁሉ እጅግ የሚጨበጨብላቸው እሳቸው ናቸው። ያን ያህል የተዋጣላቸው በልምምድ እንደ ሆነ ያወቅሁት ግን አሁን ነው።

ከሳምንት በኋላ የመጽሔቱ ረቂቅ ለእርማት ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ፣ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ እንዲህ የሚል አነበብኩ፦ «የሚከራይ ክፍል፤ ሦስተኛ ፎቅ፤ ፀሐይ የሚገባው፤ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት፤ ለሰላማዊ ክርስቲያን ተከራይ።» የሥራዬ ጠባይ ስለሆነ ስሕተት መሰለኝና ለኃላፊው ደወልኩላቸው። «ጌታዬ፣ ክፍሉ ተይዟል ብለው ነበር፤ ማስታወቂያው ይውጣ ወይስ ይቅር?» አልኳቸው። «ይውጣ ግዴለም» አሉኝ፤ «አንተ ደግሞ ምን አስጨነቀህ? አንተ እኮ እንደነሱ አይደለህም።» የመጣችው ልጅ የእህቴ ልጅ እንደ ሆነች ስነግራቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያም «አየህ... እኔ በግሌ ምንም የለኝም። ሌሎቹ ተከራዮች ምን ይላሉ ብዬ እኮ ነው» አሉኝ። ሌሎቹን ተከራዮች አነጋግሬያቸዋለሁ። አንደኛው ጆሯቸው የማይሰማ አዛውንት ሲሆኑ፣ ሁለተኛዋ ከላይ ያለው ባዶ ክፍል ጣሪያው እያፈሰሰ ውሃው ወደ እርሷ ስለሚወርድ ምነው የሚኖርበት ሰው በተገኘ ብላ የምትጸልይ መምህርት ናት።

ማስታወቂያው በሁለተኛውም ወር መጣ። በሦስተኛውም መጣ። ሦስቱንም ጊዜ አረምኩት። አንድም የነጥብ ስሕተት የለበትም።

አራተኛውን ለጊዜው ልዝለለውና እመለስበታለሁ።

አምስተኛ፤ ስለ ጸሎት። ጉዳዩን ይዤ ቢሮዎ ድረስ በመጣሁ ጊዜ ወንበር ስበው፣ ውሃ ቀድተው፣ እስከ መጨረሻው ስላዳመጡኝ ከልብ አመሰግናለሁ። «እንጸልይበት» አሉኝ። በሁለተኛው ወር ስመጣ «ጸሎት ላይ ነው» አሉኝ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ «ወንድሜ፣ እግዚአብሔርን አናጣድፈው» አሉኝ። ይህን ሲሉኝ እስክርቢቶ ፈልገው መሳቢያዎን ከፈቱ፤ የሦስተኛው ፎቅ ቁልፍ ከነቁጥሩ፣ ቀይ ክር ታስሮበት፣ እዚያው ነበር። ጸሎትን የምቃወም ሰው አይደለሁም፤ ባለቤቴን በሕመሟ ጊዜ ያቆየልኝ እርሱ ነው። ነገር ግን ከመሳቢያ እስከ እጅ ያለው ርቀት ሦስት ወር የሚያስጸልይ መሆኑን አላውቅም ነበር።

አሁን ወደ ዘለልኩት ልመለስ። አራተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ ለዚህ ነው ብዕሬ የከበደኝ።

የኮሚቴው ጸሐፊ እንደ መሆኔ መጠን በየዓመቱ ሪፖርት አቀርባለሁ። አሥራ አንዱም ላይ «በጉባኤያችን ውስጥ በዘርና በመልክ መለያየት የለም» ብዬ ጽፌ ፈርሜያለሁ። ማንም አላስገደደኝም። የመጀመሪያው እሑድ ከመድረሱ በፊት በዚያ ቤት አሥር ዓመት ስመላለስ በሰላምታ ሰዓት እጄን የሚጨብጠው አንድ ሰው፣ እሱም የጥበቃ ሠራተኛው ነበር፤ እግሬ ከታጠበ ወዲህ ግን ብዙ ሰው ይጨብጠኛል። ደስ ይላል። ወንበሩም ከፊት ነው። ሰው በሚያንቀው ገመድ ላይ ራሱ ትንሽ ቋጠሮ ጨምሮ፣ አስተሳሰሩ ማማሩን ሊያደንቅ እንደሚችል ከራሴ ነው የተማርኩት።

ከዚህም የባሰ አለ። ከሁለት ወር በፊት የእህቴ ልጅ ደስ ብሏት መጣች። በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ የምትሠራ አንዲት ልጅ ከሆስፒታሉ አጠገብ ሁለት አልጋ የሚያስገባ ክፍል አላት፤ «ነይ አብረን እንኑር» ብላታለች። ልጅቷ ከላይ ከተራራው ናት። እኛ የማዶ ሰዎች ስለ ተራራ ሰዎች የቆየ አስተያየት አለን፤ ምን እንደ ሆነ ግን እዚህ አልጽፈውም፤ እናንተ ስለ እኛ ካላችሁ አስተያየት ጋር ቃል በቃል አንድ ስለሆነ አንባቢን ማሰልቸት ይሆንብኛል። እኔም፣ የዕርቅና የኅብረት ኮሚቴ ሰብሳቢው፣ «ከነሱ ጋር? ተይ እንጂ፤ ሰው ምን ይላል?» አልኳት። በቤቴ እስከምትኖር ድረስ አይሆንም አልኳት። የቤተ ክርስቲያናችንን ክፍል እናገኛለን፤ እኔን እኮ ያከብሩኛል አልኳት።

የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «አጎቴ» አለችኝ፤ «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያጠቡህ እግርህን ብቻ ነው ለካ።»

ነገሩ ሲገባኝ ሆስፒታሉ ድረስ ሄጄ ያችን ልጅ ይቅርታ ጠየቅኋት። በኮሪደሩ ላይ የደም ናሙና የተደረደረበት ትሪ ይዛ ቆማ አዳመጠችኝ፤ ቸኩላም ነበር። «አባባ፣ ይቅር ብያለሁ» አለችኝ፤ «ክፍሉ ግን ተይዟል።» ለማመን አልደፈርኩም፤ በአድራሻው ሄጄ በመስኮቱ አየሁ። እውነትም ሁለተኛው አልጋ ላይ የሌላ ሰው ልብስ ተዘርግቶ ነበር። በዚህች ከተማ ውስጥ በእውነት ተይዞ ያገኘሁት ብቸኛ ክፍል ያ ነው፤ ያስያዝኩትም እኔ ነኝ።

ስለዚህ የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ይህን የምጽፍልዎ ከላይ ሆኜ አይደለም። እርስዎና እኔ አንድ ዓይነት ሰዎች ነን፤ በሽታችንም አንድ ነው። ልዩነታችን አንድ ብቻ ነው፦ እኔ ይቅርታ ስጠይቅ የምሰጠው ክፍል አልነበረኝም፤ እርስዎ ግን አለዎት።

በዚያ ዘመን እግር ይታጠብ የነበረው ለምን እንደ ሆነ አስበውት ያውቃሉ? ሰውየው ከመንገድ ስለመጣ፣ አቧራ ስለ ነካው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወደ ቤት ሊገባ ስለሆነ ነው። ውሃው የሚቀርበው በራፍ ላይ ነበር። ሊገባ ያለ ሰው እግሩ ይታጠባል፤ ታጥቦም ይገባል። እግሩን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ፎቶ አንሥቶ መልሶ ወደ መንገድ መሸኘት የእኛ ግኝት ነው። ሁላችንን በአንድ አባት ልጅነት የጠራን አምላክ በዚህ ግኝት ምን እንደሚል አላውቅም፤ በሦስተኛው ፎቅ ክፍል ጉዳይ ግን እስካሁን ተጨማሪ ጸሎት የጠየቀን አይመስለኝም።

መጽሔቱ በር ላይ የሚታደለው ከጸሎት በፊት ስለሆነ ይህን አሁን የሚያነቡት መድረኩ ላይ ተቀምጠው መሆን አለበት። የዛሬው የኅብረት እሑድ እንደ ወትሮው ከሆነ እኔ ወንበሩ ላይ ነኝ፤ ጫማዬ ከመዝሙር መሣሪያዎቹ ጀርባ ነው፤ ስድስት መቶ ሰው ደግሞ ገጽ እየገለጠ ነው። እኔ መውጫ የለኝም፤ እርስዎም የለዎትም። አሥራ አንድ ዓመት ብቻዬን የተቀመጥኩበት ቦታ ስለሆነ እንኳን ደህና መጡ እላለሁ።

ልመናዬ አጭር ነው። ሳፋው ይቆይ። ቢሮዎ ከመድረኩ ሠላሳ እርምጃ ነውና ያንን ባለ ቀይ ክር ቁልፍ ያስመጡልኝ። ቁልፉ ከመጣ ወንበሩን ለእርስዎ እለቅልዎታለሁ፤ የእርስዎንም፣ የስድስቱንም ሽማግሌዎች፣ የሕንጻውን ኃላፊ ጭምር እግር በደስታ አጥባለሁ፤ ግራና ቀኙን፣ በየጣቶቹ መካከል። በቤተ ክርስቲያናችን ሳፋ ያለው ውሃ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ሁለት ፔርሙዝ ሙቅ ውሃ ይዤ መጥቻለሁ። ቁልፉ ካልመጣ ግን ቀኝ እግሬን ሰብስቤ ግራውን እዘረጋለሁ፤ ፎቶ አንሺውም በስተግራ ይዞር። ግራ እግሬ እስኪታጠብ አልነሣም፤ ጫማ ስለሌለኝ የምሄድበትም የለኝ።

ለጉልበትዎ ብርታትን፣ ለወገብዎ ምሕረትን፣ ለመሳቢያዎ መከፈትን እየተመኘሁ፣ ላደረጉልኝ አሥራ አንድ መታጠብ ከሚገባው በላይ እያመሰገንኩ፣

ታማኝ ወንድምዎ፣
የማተሚያ ቤቱ አራሚ፣
የዕርቅና የኅብረት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ብቸኛ አባል፣
በቀኝ እግሩ የታረቀ።

ከፊርማ በኋላ የታከለ፤

ይህ ደብዳቤ ያለ ፈቃድ ወጣ እንዳይባል፣ የመጽሔቱን የመጨረሻ ረቂቅ እንደ ሥርዓቱ ማክሰኞ ዕለት ቢሮዎ አምጥቼ፣ እርስዎም እንደ ልማድዎ ሳያነቡት «ይታተም» ብለው ፈርመውበታል፤ ፊርማዎ በእጄ ነው፤ ለአሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ ስላመኑኝ አመሰግናለሁ። የክፍሉ ማስታወቂያ በዚሁ ገጽ ግርጌ ነው። ክፍሉ ተይዟል ወይስ አልተያዘም ብሎ ማወቅ የሚፈልግ አንባቢ በስልክ ሳይሆን በአካል ሄዶ ይጠይቅ፤ መልሱን ሲያገኝ የእህቴን ልጅ ይላክና እርሷ ያንኑ ጥያቄ ትጠይቅ። ከሥራ የምትወጣው በሰባት ሰዓት ነው፤ ሆስፒታሉ ፊት ለፊት ነው፤ መንገዱን ለመሻገር ሁለት ደቂቃ ይበቃታል።